ለአንድ ውጤት የተላከ ሽማግሌ

አቡ ጁማና በኢርቢድ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ ስለ ራሱ አንድም ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም ነበር። ለሌላው ግን ያልጻፈው የለም። ድሮ ቢጫ የነበረች ጃንጥላውን ከግንቡ ጥግ ይተክላል፤ ከሥሯ አንድ እግሯ በጡብ የተደገፈች ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ደግሞ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። ባለጉዳይ ይመጣና እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ወንድሙን ይረግማል፤ የጎረቤቱ ፍየል የበላችበት የወይራ ችግኝ ምን ያህል አድጎ እንደነበር በእጁ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያሳያል። አቡ ጁማና ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ ብዕሩን ያነሣና «ለክቡር ዳኛ፤ ተገቢውን አክብሮትና ትሕትና ካቀረብሁ በኋላ» ብሎ ይጀምራል። ወንድምየውም፣ ፍየሏም፣ ችግኙም በዚያ አክብሮት ውስጥ ሰጥመው ይቀራሉ።

እኔ በዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከጃንጥላዋ ሥር ከእሱ ጋር ሻይ እጠጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት አስተምሬአለሁ፤ እውነት ከቤቷ ስትወጣ ስንት ልብስ ደርባ እንደምትወጣ ያየሁት ግን እዚያች የፕላስቲክ ወንበር አጠገብ ነው።

አቡ ጁማና ልጁን ድሯል፤ ሚስቱን ደግሞ ቀብሯል። ልጁ ጁማና ተድራ አቃባ ከተማ ነው የምትኖረው። ሰዉ ማመልከቻውን በስልኩ መላክ ሲጀምር ወንበሯ ባዶዋን የምትውልበት ቀን በዛ። በዚህ ጊዜ ነው ከልጅ ልጆቹ እኩዮች ጋር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ሶሲዮሎጂ ሊማር የተመዘገበው።

«ምን ልትሠራበት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት ያኔ።

«ሠላሳ ዓመት የሰውን ነገር ሰማሁ፤ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት እናንተ ዘንድ የሚያውቅ እንዳለ ልጠይቅ ብዬ ነው» አለኝ።

የሚያውቅ የለም ብዬ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የመመዝገቢያውን ከፍሎ ስለነበር ተውሁት።

ተማሪዎቹ ወደዱት። «አጎቴ» እያሉ ከፊት ወንበር ይይዙለታል፤ እሱ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ለሚያድሱት፣ ከአከራያቸው ጋር ለተጣሉት በነጻ ይጽፍላቸዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል አራተኛው ዓመት ደረሰ። የቀረው አንድ ኮርስ ብቻ ነበር፤ ማኅበረሰብና ቴክኖሎጂ። የምታስተምረው ዶክተር ኢናስ ናት፤ ወጣት፣ ቆፍጣና፣ ተማሪ ሲያረፍድ በሩን የማትከፍት። የኮርሱ ማጠቃለያ ሥራ «ቴክኖሎጂ የለወጠው አንድ ሙያ» በሚል ርእስ ድርሰት መጻፍ ነበር። አቡ ጁማና ስለ ራሱ ሙያ ጻፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሻይ ላይ እንኳ አላወራኝም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስደርስ ጃንጥላዋን አልዘረጋም። ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

«ኡስታዝ፣ እኔ ማሽን ነኝ እንዴ?» አለኝ፤ መምህር ስለነበርሁ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዶክተር ኢናስ ጠራችኝ። የተማሪውን ሥራ ሁሉ የሚያይ አንድ መርማሪ ፕሮግራም አለ። የእኔን አየና ከመቶ ዘጠና አንድ እጁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የጻፈው አለ። እኔ እኮ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣት ነው የምለቅመው!»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዜሮ ይሰጣል፤ ከስሙ ጎን «አጭበርብሯል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ምርቃቱም ይቀራል። እዚህ አገር የሳምንቱ ሥራ በሚጀመርበት በእሑድ ቀትር ላይ ውጤት ማስገቢያው ይዘጋል። እሷም ከዚያ በፊት የሚያቀርቡት ነገር ካለ ያቅርቡ ብላዋለች።

«ምርቃቱስ ይቅር» አለ አቡ ጁማና። «ግን አጭበርባሪ? በዚህ በር የሚገባው ሰው ሁሉ እኮ ቃሉን ለእኔ አምኖ ነው የሚገባው።»

ድርሰቱን ተቀብዬ አነበብሁት። «ለክብርት መምህርት፤ ተገቢውን አክብሮትና ትሕትና ካቀረብሁ በኋላ» ብሎ ይጀምራል። መሣቅ አልነበረብኝም፤ ሣቅሁ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንከን የለሽ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ በበዓል ቀን እንደሚሰለፉ ወታደሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድም ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም። እኔ ራሴ ጓደኛዬ ባይሆን ኖሮ ማን ጻፈው እል ነበር?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወሬው ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ካለው፣ የሽምብራ ጥብስ ከሚሸጥበት ፈላፍል ቤት ደርሶ ነበር። ኡደይ የሚባለው ጎረምሳ ነው ጠርቶ ያስቀመጠኝ። ኡደይ በአቡ ጁማና ክፍል ውስጥ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በቀልዱና ምንም ባለማንበቡ።

«ኡስታዝ፣ ነገሩ እኮ ተገላብጦ ነው!» አለ ፈላፍሉን እየገመጠ። «አቡ ጁማና ከማሽኑ አልኮረጁም፤ ማሽኑ ነው ከአቡ ጁማና የኮረጀው! ያ ሁሉ ‹ከላይ በተጠቀሰው መሠረት› ከየት የተማረው ይመስልዎታል? ከፍርድ ቤት በር ነው!»

«አንተስ?» አልሁት። «ለድርሰትህ ማሽኑን አልተጠቀምህም?»

«እኔ? ለሁሉም ነገር ነው የምጠቀመው። ለእናቴ የልደት መልካም ምኞት ሳይቀር። አለቀሰች፣ ወላሂ!»

«እና መርማሪው ስንት አለህ?»

«ዐሥራ ሁለት ብቻ!» ደረቱን ነፋ። «ምስጢሩን ልንገርዎት? ከጻፈልኝ በኋላ ስህተት እጨምርበታለሁ። እዚህ አንድ ቃል አጠፋለሁ፤ እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር አንጠልጥዬ እተዋለሁ። ስህተት ሰው ያስመስላል።»

«ስህተቱንም ራሱ ማሽኑ ነው የሚጨምርለት» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ። «እሱ መች ይደክማል!»

ረሃፍ ትባላለች። የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ናት፤ ከገጠር እየተመላለሰች ነው የምትማረው፤ ማስታወሻዋን ሁሉ በእጇ ነው የምትጽፈው። ፈገግ ብላም ብትናገር ቁጣዋ ከሥሩ ይሰማል።

«ኡስታዝ፣ እኔ ማሽኑ ይከልከል አልልም» አለችኝ። «ያልገባኝን ትምህርት ጠይቄው አሥር ጊዜ ሳይሰለች አስረድቶኛል፤ የትኛው መምህር ያን ያህል ይታገሣል? ግን የት ድረስ እንደሚፈቀድ ይነገረና። አንዱ መምህር ‹ተጠቀሙ፣ ዘመኑ ነው› ይላል። ሌላው ‹ብትነኩት ወዮላችሁ› ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የፈተናውን ጥያቄ ራሱ በማሽን አውጥቶ ይሰጠናል። እኔ ለፍቼ ሰባ ሳመጣ፣ ይሄ ጉድ ተኝቶ ሰማንያ ያመጣል። አጎቴ ደግሞ ለፍተው ዜሮ!»

«እኔ ተኝቼ አይደለም» አለ ኡደይ። «ተጋድሜ ነው።»

ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን በእጁ መታና «ጃሃ እንላክ!» አለ።

የሚያውቀው ያውቀዋል፤ እዚህ አገር ደም ቢፈስ፣ ልጃገረድ ለጋብቻ ብትፈለግ፣ መኪና ቢጋጭ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጉዳዩ ከሚመለከተው ሰው ቤት ይሄዳል። ጃሃ የሚባለው ይህ ነው። የቡና ሲኒ ይቀርብለታል፤ ሽማግሌው ሲኒውን ከፊቱ ያስቀምጥና የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይነካውም። እስካሁን ግን ለፈተና ውጤት የሄደ ጃሃ ሰምቼ አላውቅም።

«አብደሃል?» አለች ረሃፍ። «ይሄ በዘመድ መሥራት ነው የሚባለው። ነገ እኔ ብከሰስ ማን ሽማግሌ ይነሣልኛል? አባቴ ስንት ኡስታዝ ያውቃል?»

ልጅቷ እውነቷን ነበር። የአዛውንት ትልቁ ፈተና አንድ ወጣት ልክ መሆኑን እያወቁ ሌላውን የሚያደርጉበት ምክንያት መፈለግ ነው። እኔም ምክንያቱን እየፈለግሁ ሳለ እሷው አቀበለችኝ።

«ከሄዱ አይቀር» አለች ቦርሳዋን እያነሣች፣ «ውጤት እንድትሰጣቸው አይለምኑ። እንድትሰማቸው ይለምኑ። እሱን እንኳ ለማንም ቢሆን አልቃወምም።»

አቡ ጁማናን ማሳመን ከባድ ነበር። «ለስንቱ ምሕረት ለምኜ ጽፌአለሁ፤ ለራሴ ግን አፌ አይከፈትም» አለ። አንተ አትናገርም፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ አልሁት። በስንት መከራ እሺ አለ። ዶክተር ኢናስ ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ለአባቷ መንገር ወግ ነውና ኡደይ «እኔ እደውላለሁ» ብሎ ተነሣ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኋላ እንዳጣራሁት የተናገረው ቃል ይኸው ነው፤ «አጎቴ፣ በልጅዎ በዶክተር ኢናስ ጉዳይ ዓርብ አመሻሽ ላይ ከዓስር ሰላት በኋላ ጃሃ ይዘን ልንመጣ እንፈልጋለን።» በልጅዎ በዶክተር ኢናስ ጉዳይ!

ዓርብ አምስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪና ወንድሙ፣ ከራሱ ወንድም ሱፍ የተዋሰው ኡደይ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ለጁማና ሠርግ የተሰፋለትን ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ አቡ ጁማና።

የዶክተር ኢናስ አባት አቡ ሃይሰም ከጦር ሠራዊት በሻለቃነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሩን ራሱ ከፈተ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ተቀበለን። ጨብጦን ካበቃ በኋላ በትከሻችን ላይ አሻግሮ መንገዱን አየ።

«ሌሎቹ መኪና እያቆሙ ነው?»

«እኛው ነን» አልሁ።

«በረከት በጥቂቱ ነው» አለ፤ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም። ሳሎኑ ስንገባ ግድግዳውን ዙሪያውን ለሃምሳ ሰው የሚሆን ወንበር ተደርድሯል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከማድ ቤት የሽሮፕና የቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ክናፋ የሚባለው ጣፋጭ ምድጃ ላይ ነው። ያኔም መጠርጠር ነበረብኝ። ፍልስፍና የተማረ ሰው ግን ነገር ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው።

ቡናው ተቀዳ። ሲኒዬን ሳልነካ ከፊቴ አኖርሁ። ሌሎቹም እንደ እኔ አደረጉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አላህን አመሰገንሁ፤ ሰው ከእንስሳ የሚለየው በቃሉ መሆኑን፣ ቃል ያለ ሰሚ ሜዳ ላይ የቀረ ዘር መሆኑን፣ ትውልድ ከትውልድ የሚገናኘው በመደማመጥ መሆኑን አስረዳሁ። ዳቦ ጋጋሪው ማዛጋት ጀመረ። በመጨረሻ «እንግዲህ የተከበሩ አቡ ሃይሰም፣ የመጣነው ልጅዎን ዶክተር ኢናስን በተመለከተ...» ስል አቡ ሃይሰም ብድግ አለ።

«ኡስታዝ፣ ይብቃዎ! እናንተን የመሰለ ሽማግሌ ደጄ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ቡናችሁን ጠጡ፤ የመጣችሁበት ጉዳይ ተፈጽሟል!»

ከማድ ቤት እልልታ ቀለጠ። እናቷ ኡም ሃይሰም ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «እሺ ከማለታችሁ በፊት የቃሉን ትርጉም ጠይቁ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ሲኒዬን አንሥቼ ጭልጥ አደረግሁት። ጃሃው ሁሉ ጠጣ።

«አላልኩዎትም!» አለኝ ኡደይ በጆሮዬ። «ጃሃ ይሠራል!»

አቡ ሃይሰም እጆቹን አፋተገ። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! እንግዲህ ሙሽራው የትኛው ነው?» ብሎ ዓይኑን ኡደይ ላይ አሳረፈ።

ኡደይ ትን አለው። «እኔ? ኧረ አጎቴ! እኔ እኮ በኮርሷ ልወድቅ የደረስኩ ነኝ!»

የሻለቃው ዓይን ወደ ዳቦ ጋጋሪው ሄደ፤ የጋብቻ ቀለበቱን አየ፤ ወደ ወንድሙ ሄደ፤ የእሱንም አየ። ከዚያ ጥግ ላይ በሠርግ ሱፉ፣ በቅባት በተኛ ፀጉሩ፣ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ የተቀመጠው አቡ ጁማና ላይ ቆመ። የሰውየው ጢም ሲነሣ አየሁ።

«እሱ?!»

«አይደለም ወላሂ!» አቡ ጁማና ተስፈንጥሮ ተነሣ። «እኔ የመጣሁት ለውጤት ነው!»

«ለምን ውጤት?»

«ለማኅበረሰብና ቴክኖሎጂ።»

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። የክናፋውን ትሪ ይዛ የመጣችው ኡም ሃይሰም ከበሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከጀርባዋ ግን አንድ ሣቅ ተሰማ፤ ሊያቆሙት ሲሞክሩ የባሰ የሚፈነዳ ሣቅ። ዶክተር ኢናስ ናት። እናቷ ሰማያዊውን ቀሚስ ልበሺ ብላት ከቀትር ጀምሮ በሯን ቆልፋ አኩርፋ ነበር። አሁን በበሩ መቃን ተደግፋ ዕንባዋን ትጠርጋለች።

«አባባ፣ ምን ሰጠሃቸው?»

«የጠየቁትን» አለ አባቷ።

«ምን ጠየቁ?»

ሻለቃው ወደ እኔ ዞረ። ወደ ሲኒው ዞረ። «አላውቅም» አለ። ቀጥሎ ራሱን ሰብሰብ አደረገና «ቢሆንም ቃል ቃል ነው። ቡናው ተጠጥቷል» አለ።

«ቡናው ያንተ ነው፤ ጠጥተዋል፣ ያርካቸው። ውጤቱ ግን የኔ እንጂ ያንተ አይደለም።»

ይህን ጊዜ የረሃፍ ቃል ትዝ አለኝ። «ልጄ፣ ውጤት ልንለምን አልመጣንም» አልኋት። «እንድትሰሚው ነው። ያን ቀድሜ ብናገር ኖሮ እዚህ ባልደረስን።»

ኢናስ መጥታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሣቁ ከፊቷ ቀስ እያለ ወረደ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለች። «ያንን ፕሮግራም እኔም አላምነውም። አንድ ቀን የራሴን የዶክትሬት ጽሑፍ መግቢያ አስገባሁበት፤ ስልሳ ሰባት አለኝ።»

«ማሽን ነዎት ማለት ነው!» አለ ኡደይ፤ ዳቦ ጋጋሪው በክርኑ ጎሸመው።

«አቡ ጁማና፣ ድርሰትዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁ። ማሽን ጻፈው አልልም። እርስዎ ጻፉት ለማለት ደግሞ የምይዘው አጣሁ። እርስዎ የሉበትም። በዚህ ከተማ የሚያውቅዎት ሰው ሁሉ ቢያነበው እንኳ አያገኝዎትም።»

አቡ ጁማና አንገቱን ደፋ። የተሰደበ አይመስልም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የጠፋበት ዕቃ የት እንዳለ የተነገረው ሰው ይመስል ነበር።

«እሑድ ጠዋት ክፍል ይምጡ» አለች። «ያለ ወረቀት ቆመው ይነግሩኛል። የነገሩኝን ይዤ ውጤቱን አስገባለሁ፤ ዜሮም ቢሆን።»

«አላህ ይባርክዎት!» አለ ኡደይ።

«አንተም ትመጣለህ።»

«እኔ? እኔን ማን ከሰሰኝ? ዐሥራ ሁለት እኮ ነው ያለኝ!»

«ክፍሉ በሙሉ። አንድን ተማሪ ብቻ መስማት አድልዎ ነው፤ አይደለም እንዴ ኡስታዝ?»

ነው አልሁ። ክናፋው ቀረበ፤ የተጋገረ ጣፋጭ ለጠብም ለሰላምም ይበላልና ሁላችንም በላን። ኡደይን ብቻ አልዋጥ አለው።

እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳዳምጥ ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ የተጠራው ኡደይ ነበር። «በድርሰትህ ሁለተኛ ገጽ ላይ ፓራዳይም የሚል ቃል አለ። ምን ማለት ነው?» አለችው።

ኡደይ ጣራውን አየ። «ዶክተር፣ እሱ... የሚቀየር ነገር ነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«የእኔ ጽሑፍ ላይ ይቀየራል ይላል።»

ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ምስኪኑ ልጅ ላቡን እየጠረገ ታገለ፤ በመጨረሻ ድርሰቱን ትቶ ስለ አጎቱ የስልክ ጥገና ሱቅ በራሱ አፍ ሲያወራ ግን ያልጠበቅነው ነገር ወጣው፤ ደኅና ነበር። ረሃፍ ተጠራች። እሷ እንደ ጅረት ፈሰሰች።

ከዚያ አቡ ጁማና። ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ቀኝ እጁ ከደረት ኪሱ ብዕር ፈለገች፤ አጣች። ዞሮ ክፍሉን አየ።

«ለክብርት መምህርት፤ ተገቢውን አክብሮትና...»

«አቡ ጁማና፣ አክብሮቱ ደርሶኛል» አለች ኢናስ።

ሰዉ ሣቀ። አቡ ጁማናም ፈገግ አለ፤ ግን ቃል አልወጣውም። ግንባሩ ላይ ያለው ቅባት ያብረቀርቃል። ውጤት ማስገቢያው የሚዘጋበት ሰዓት እየተቃረበ ነበር። በዚህ መሐል ረሃፍ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወንበሯን ጎትታ ወስዳ ከእሱ ፊት ለፊት አስቀመጠችና ተቀመጠችባት።

«አጎቴ፣ ለክፍሉ አይንገሩ። ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ ባለጉዳይ ነኝ።»

አቡ ጁማና ወንበሯን አየ። ትከሻው ወረደ።

«አንዲት እናት ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «ልጇ ሩቅ ታስሮባት ለመጠየቅ መንገዱ ስለከበዳት ወደ ቅርብ ማረሚያ ቤት ይዛወርልኝ ብላ ልታመለክት መጣች። ጻፍሁላት። ማንበብ ስለማትችል አንብብልኝ አለች፤ አነበብሁላት። ስጨርስ ‹ደስ ይላል፤ ልጄ የት ጋ ነው ያለው?› አለችኝ። ‹ይኸው፣ ከላይ የተጠቀሰው ታራሚ የሚለው እሱ ነው› አልኳት። ‹ስሙ ቀይስ ነው። ቲማቲም አይወድም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። እሱን ጻፍልኝ› አለች።»

ረሃፍ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ቲማቲም በማመልከቻ አይጻፍም አልኳት። ‹ታዲያ እሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ?› አለች። ተከራከርን። ወረፋ የያዙት ሰዎች ‹ጻፍላትና ትሂድልን!› ብለው ጮኹብኝ። እሺ ብዬ ከግርጌ በትንሹ ጻፍሁት፤ ስሙ ቀይስ ነው፤ ቲማቲም አይወድም። አፍሬ ፊርማዬን እንኳ ልሸሽገው ምንም አልቀረኝ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጸሐፊ ከውስጥ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና ‹የቲማቲሙ ሰውዬ እናት የታለች? ፋይሏ አልፏል!› ብሎ ተጣራ።»

ሣቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እስከ እኔ ደረሰ። እሱም ሣቀ።

«እስከ ዛሬ አንድ ነገር አላውቅም» አለ። «ያሳለፈላት አክብሮቱ ይሁን ቲማቲሙ። አክብሮቱ ባይኖር ወረቀቱን አይቀበሉም ነበር። ቲማቲሙ ባይኖር ከመቶው ወረቀት አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን አክብሮቱን ማሽኑ ከእኔ አሳምሮ ይጽፋል፤ ፀሐይ ላይ ሳይቀመጥ፣ ሻይ ሳይጠጣ። ይጻፍ፤ እኔም ደክሞኛል። ግን ሰዉ በስልኩ ሲጽፍ ‹ታዲያ እሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ?› ብሎ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ሙያዬን ቴክኖሎጂ የለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ክርክሩ ነው የጠፋው። ወንበሯ ናት ባዶ የሆነችው።»

ከዚያ ምን ማለት እንዳለበት ስላላወቀ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ብሎ ጨረሰ። ያ ቃል ከሥጋው የሚለቅ አይደለም።

ኢናስ ብዕሯን አኖረች። «ይህን ለምን አልጻፉትም?»

«ዶክተር፣ ይህ እኮ ወሬ ነው!» አለ ግራ ገብቶት። «ዩኒቨርሲቲ ወሬ ይጻፍበታል?»

ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ ውጤቱ ገባ። አቡ ጁማና ሰባ ስድስት። ረሃፍ ከክፍሉ አንደኛ። ኡደይ ለጥቂት አለፈ፤ «በራሴ አፍ ያገኘሁት የመጀመሪያ ማርክ ነው» እያለ ለሦስት ቀን ፈላፍል ቤቱን ሰላም ነሳው። ረሃፍ ደግሞ አንድ ጠዋት ከጃንጥላዋ ሥር መጥታ፣ የትኛው መምህር ማሽኑን ምን ድረስ እንደሚፈቅድ በግልጽ እንዲነገር የሚጠይቅ ማመልከቻ ለተማሪው ሁሉ እንዲጽፍላት አቡ ጁማናን ጠየቀችው። «አንቺው ተናገሪው፤ እኔ አክብሮቱን እጨምርበታለሁ» አላት። ተማከሩበት፤ ተጨቃጨቁበት፤ ተሰጠ። መልሱ ገና አልመጣም።

አቡ ሃይሰም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መኪናውን አቁሞ «ኡስታዝ፣ ሌላ ጃሃ የለም?» ይለኛል። «ካለ ደጄ ክፍት ነው። ጉዳዩን ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።»

አቡ ጁማና በሰኔ ተመረቀ። ጁማና ከአቃባ መጥታ አለቀሰች፤ ያ ግራጫ ሱፍ ለሁለተኛ ጊዜ ለደስታ ዋለ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ጃንጥላዋን ተክሎ አገኘሁት። አንዲት ሴት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በሰፈሯ ስለ ተቆረጠባት ውሃ ስታወራ ደረስሁ። እስክትጨርስ ሰማትና ብዕሩን ሳያነሣ ጠየቃት።

«ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊበት ነበር?»

ሴትዮዋ ተቆጣች። «ምን አገባህ? ‹ተገቢውን አክብሮትና ትሕትና› ብለህ ጻፍልኝ እንጂ! ለጎረቤቴ የጻፍክላት እንደዚያ አይደለም እንዴ? ለእኔ ሲሆን ነው ወሬ የሚያምርህ?»

አቡ ጁማና ወደ እኔ አየ። አክብሮቱን ጻፈላት። ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ ጠበቀ።

«ጽጌረዳ አለችኝ» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሷን ነው መጀመሪያ የማጠጣው።»

ሻዬን አነሣሁ። እሱ ከግርጌ በትንሹ ይጽፍ ነበር።